ተአምር ስንት ዓመት ይፈጃል?

አንዲት አንባቢ ሃይማኖት ከቀየረች እህቷ ጋር ከተኳረፈች ሁለት ዓመት እንደሞላት ጽፋልኛለች። «እግዜር በተአምሩ ካላስታረቀን አይሆንም» ትላለች።

እስቲ አንድ ዘጋቢ ፊልም ልጋብዝሽ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው፤ «ኢማሙና ፓስተሩ» ይባላል። ሁለቱም የናይጄሪያዋ የካዱና ሰዎች ናቸው፤ በወጣትነታቸው ደግሞ በየወገናቸው የታጠቁ ጎረምሶች መሪ ነበሩ። በ1992 በተነሳው ግጭት ፓስተሩ ቀኝ እጃቸውን አጡ። ኢማሙ መምህራቸውና ሁለት ዘመዶቻቸው ተገደሉባቸው። ከዚያ በኋላ ሐሳባቸው ሁሉ በቀል ሆነ።

በ1995 አንድ ጋዜጠኛ አገናኛቸው። ታዲያ ወዲያው ተቃቅፈው ተላቀሱ እንዳትሉኝ፣ የህንድ ፊልም አይደለም! ኢማሙ መስጊድ ውስጥ ስለ ይቅርታ የሰሙት ስብከት አለዝቧቸው ነበር፤ የፓስተሩ ቂም ግን የዋዛ አልነበረም። አንድ ክፍል ያደሩ ጊዜ እንኳ ኢማሙን በትራስ ለማፈን ዳድቷቸው እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። የፓስተሩ እናት ታመው ሆስፒታል ሲተኙ ጠያቂ ሆነው ብቅ ያሉት እኚሁ ኢማም ናቸው። ልብ በይ፣ ሊሰብኩ አይደለም የሄዱት። ማንም ማንንም ሳይለውጥ፣ ኢማሙ ኢማም፣ ፓስተሩም ፓስተር እንደሆኑ የእርቅ ማዕከል አቋቋሙ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። እህትሽ ባለፈው ወር መውለዷን በአንድ መስመር ብቻ አልፈሽዋል። ስለ ሃይማኖት ትንፍሽ ሳትዪ፣ ገንፎው ሳያልቅ ድረሺ።