ሠላሳ ስምንት ቀን

ደብረ ብርሃን ስሟን ከየት እንዳገኘች የጠየቀ እንግዳ ሻይ ቤት ገብቶ ጋቢውን ሳያላላ መልሱ ይደርሰዋል፦ «ብርሃን ወርዶባት ነዋ!» የተማረ የተባለው ደግሞ «የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው» ብሎ ያርማል። ኮከቡ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው በሰኔ አካባቢ ነው፤ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ግን ብርሃኑን የሚያወርደው መጋቢት 10፣ በመስቀል በዓል ነው። ለማረም የቸኮለ ሰው ይቺን ቢያያት ምናለበት።

ጨዋታው በዚሁ ያበቃል። ዜና መዋዕሉ ግን ከብርሃኑ በፊት የነበረውንም ይነግረናል። ንጉሡ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት «ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ብለዋል» በሚል አፍንጫና ምላሳቸውን አስቆርጦ በድንጋይ አስወገራቸው። ቀኑ የካቲት 2 ነበር። ብርሃኑ የወረደው ከዚያ 38 ቀን ቆይቶ ነው። ጸሐፊው ቀን የቆጠረው ንጉሡን ለማሳጣት አይደለም፤ ሰማይ ፍርዱን ያጸደቀ መስሎት ነው። ቢሆንም ቆጠረው።

እኛ «ዜና መዋዕል የአወዳሽ ጽሑፍ ነው» ማለት ይቀናናል። አወዳሹ ግን ንጉሡ በጠቋሚ ቃል የገዛ ልጆቹን እንዳስገረፈና አገሩ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ጽፎልናል። ብርሃኑን ከደሙ ለይተን ለልጆቻችን የምናስተምረው እኛ ነን። ታዲያ አወዳሹ ማን ነው?

ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታኪተስም ንጹሕ አልነበረም። በጨካኙ በዶሚሽያን ዘመን ሹመት በሹመት ላይ እንደተጨመረለት ራሱ አልደበቀም። ክርስቲያኖችንም አይወድም፤ በክፉ ቃል ነው የሚያነሳቸው። ሆኖም በ64 እ.ኤ.አ. ሮም ከተቃጠለች በኋላ ኔሮ በእሳት እንዳነደዳቸውና ለውሻ እንደሰጣቸው፣ ሕዝቡም እንዳዘነላቸው ጻፈ። ኔሮን ዛሬም የምንረግመው አንድም በዚህ ጸሐፊ ብዕር ነው። የራሳችን ጸሐፊ ተመሳሳይ ነገር ሲያቆይልን ግን ገጹን እናልፈዋለን። ይህን «አገር መውደድ» የሚሉት አሉ፤ እኔ ስንፍና እለዋለሁ።

የተወገረው ወገን ራሱ ምን ይል እንደነበር ማወቅ ለሚፈልግም ሰበብ የለም። የሰሜን ሸዋ ልጅ የሆኑት የሸንኮራው ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ የደቂቀ እስጢፋኖስን ገድል ከግእዝ ወደ አማርኛ መልሰው በ1996 ዓ.ም. አሳትመውታል። ዜና መዋዕሉንማ ፈረንሳዊው ሊቅ ፔሩሾን በ1893 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ፓሪስ ላይ አትሞታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው ስለ ብርሃኑ ሲተርክ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ማለቱ አይቀርም።

አንድ ወዳጄን «ከብርሃኑ በፊትስ ምን ነበር?» አልኩት።

«ምን ይኖራል፣ ጨለማ ነበራ!» አለና ሻዩን ፉት አደረገ።