የሥጋ መረቅ፣ የ10 ሳንቲም ቡና እና የ«ጉድዊል» ሒሳብ

በአሜሪካዋ የሎስ አንጀለስ ከተማ በ1908 ሁለት ምግብ ቤቶች ተከፈቱ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛውን ያቋቋመው ፊሊፕ ማቲዩ የተባለ ፈረንሳዊ ስደተኛ ሲሆን፣ ቤቱም «ፊሊፕ» ተባለ። ሁለተኛውን ሄንሪ ኮል የተባለ ነጋዴ በከተማዋ የኤሌክትሪክ ባቡር ዋና ጣቢያ ሕንፃ ውስጥ ከፈተና «ኮልስ» አለው። ሁለቱም ቤቶች ስማቸው የሚነሳው በአንድ ምግብ ነው። ይኸውም ሮስቶ ሥጋ ተሞልቶበት ዳቦው በሥጋው መረቅ የሚነከር ሳንድዊች ነው፤ አሜሪካውያን «ፍሬንች ዲፕ» ይሉታል። ሁለቱም ቤቶች «መጀመሪያ የሠራነው እኛ ነን» ሲሉ ኖረዋል።

በ2025 በሐምሌ ወር ኮልስ ሥራ ሊያቆም መሆኑን አስታወቀ። ወሬው እንደተሰማ የከተማው ሕዝብ በደጁ ተሰለፈ፤ በዚህም ምክንያት የመዝጊያው ቀን ተራዘመ፣ ደግሞም ተራዘመ። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ለፊሊፕ ሰልፍ ለመሰለፍ የመዝጊያ ማስታወቂያ አስፈልጎ አያውቅም። ከኮልስ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው በዚህ ቤት ሰልፍ የዘወትር ነገር ነው።

ዕድሜያቸው እኩል፣ ከተማቸው አንድ፣ ሸቀጣቸው አንድ፣ ዝናቸውም የሚቀራረብ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ጥያቄው የሳንድዊች ወዳጆችን ብቻ አይመለከትም። ነባር የንግድ ቤት ለመግዛት የሚያስብ፣ ወይም ለሌላ የሚያሻሽጥ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ስም ያለው ቤት ሲገዛ ከወንበሩና ከምድጃው ዋጋ በላይ የሚከፍለው ገንዘብ አለ። የሒሳብ ባለሙያዎች «ጉድዊል» ይሉታል። ለመሆኑ ያ ገንዘብ የሚገዛው ምንን ነው? ስሙን ነው? ቦታውን ነው? ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ከስሙ እንጀምር። ፍሬንች ዲፕ እንዴት ተፈጠረ ለሚለው ጥያቄ ሁለቱም ቤቶች የየራሳቸው ተረክ አላቸው። በኮልስ በኩል የሚነገረው ድዱን የታመመ አንድ ደንበኛ ደረቁ ዳቦ ቢያስቸግረው በመረቅ እንዲነከርለት ጠየቀ የሚል ነው። በፊሊፕ በኩል ያለው ታሪክ ብዙ ዓይነት ነው። ማቲዩ በ1918 ለአንድ ፖሊስ ሳንድዊች ሲያዘጋጅ ዳቦው አምልጦት መጥበሻው ውስጥ ወደቀ፤ ፖሊሱም «ግድ የለም፣ እንዳለ ስጠኝ» አለ ይባላል። አንዳንዱ ፖሊሱን ትቶ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ያደርገዋል። ባለቤቱ ራሱ ከሽምግልናው ዘመን በአንዱ፣ በ1951፣ የተናገረው ግን ከሁሉም ይቀላል። አንድ ደንበኛ ከመጥበሻው ሥር የተጠራቀመውን መረቅ አይቶ የዳቦውን አንድ ጎን እንዲነክርለት ጠየቀው፤ እሱም ነከረለት፤ ወዲያው በአካባቢው የነበሩት ሌሎችም እንደዚያው ይሁንልን አሉ። ይኸው ነው። ዳቦ በመረቅ ማጥቀስ ለየትኛውም አገር ሰው አዲስ ጥበብ አይደለምና ከሁሉም የሚታመነው ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም።

በንግድ ዓይን ሲታይ ግን ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ለሁለቱም ያስገኘላቸው ጥቅም የሚባለውን ያህል አይደለም። ፍሬንች ዲፕ ባለቤት የለውም። በአሜሪካ ከዳር እስከ ዳር ያለ ተራ ምግብ ቤት ሁሉ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ለማንም ሳይከፍል ይሸጠዋል። ሌላው ሊሸጠው የማይከለከለውን ዕቃ «እኔ ጀመርኩት» ማለት ጎብኚን አንድ ጊዜ ሊያመጣ ይችላል። ጎብኚ ደግሞ አንድ ጊዜ በልቶ፣ ፎቶግራፍ ተነስቶ አገሩ ይገባል። የቤት ኪራይ የሚከፈለው በየወሩ ነው።

ቦታውስ? ከነጋዴ አፍ የማይጠፋው አባባል «ቦታ፣ ቦታ፣ አሁንም ቦታ» የሚለው ነው። በቦታ በኩል ከሁለቱ የተሻለ ዕድል የገጠመው ኮልስ ነበር። በ1905 የተሠራው ያ ሕንፃ የከተማዋና የዙሪያዋ ባቡሮች መነሻና መድረሻ ስለነበር፣ ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄደውም ማታ የሚመለሰውም ሰው በኮልስ ደጃፍ ያልፋል። አስተዋዋቂ አያስፈልገውም ነበር። ነገር ግን የመኪናው ዘመን መጣና ባቡሮቹ አንድ በአንድ ቀሩ፤ የመጨረሻው መስመርም በ1961 ቆመ። ሕንፃው አለ፣ ባንኮው አለ፣ ምልክቱ አለ፤ የጠፋው በደጅ የሚያልፈው ሰው ነው። ከጊዜ በኋላ ሕንፃው ወደ መኖሪያ አፓርታማነት ተለወጠ። ቤቱም ከከተማዋ ታሪካዊ ቅርሶች ተቆጠረ። ቅርስ መባል ክብር እንጂ ገቢ አይደለም።

ፊሊፕ በአንጻሩ በቦታ የተጎዳ ቤት ነው። ማቲዩ ራሱ ከአንድ በላይ ቦታ ቀያይሮ ነው አሊሶ መንገድ ላይ የረጋው። በ1927 ቤቱን ማርቲን ለሚባሉ ወንድማማቾች ሸጠ። ከዚያም አዲስ አውራ ጎዳና በዚያ በኩል እንዲያልፍ በመወሰኑ ቤቱ እንዲነሳ ተደረገ። የልማት ተነሺ መሆን ምን እንደሆነ ለማንም ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ደንበኛ መበተን ነው፣ ከዜሮ መጀመር ነው። ማርቲኖች በ1951 ዛሬ ቤቱ ወደሚገኝበት፣ አላሜዳ ጎዳና ላይ፣ ከከተማዋ ትልቁ የባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለ ሕንፃ ገቡ። ደንበኛው ተከትሏቸው መጣ።

ደንበኛው ተከትሎ የመጣው ምን ፈልጎ ነው? ለዚህ መልሱ የሚገኘው ባንኮው ላይ ነው። ፊሊፕ የሚገባ ሰው አስተናጋጅ አይጠብቅም። ረጅም ባንኮ አለ፤ ከባንኮው ወዲያ ሥጋ ቆራጮች ተደርድረው ይቆማሉ፤ በየቆራጯ ፊት አንድ ሰልፍ አለ። ቆራጯ ትእዛዝ ትቀበላለች፤ የበሬ፣ የአሳማ፣ የበግ ወይም የተርኪ ሥጋውን እዚያው ትቆርጣለች፤ ዳቦውን መረቁ ውስጥ ትነክራለች። አንዴ ወይስ ሁለቴ እንደሚነከር የሚወስነው ደንበኛው ነው። በወረቀት ሳህን ታቀርባለች፣ ሂሳብም ትቀበላለች። ከዚያ ሰው የራሱን ይዞ ወደ ረጅሙ የጋራ ጠረጴዛ ይሄዳል። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተበትኗል። ጠረጴዛው ላይ ቤቱ ራሱ የሚያዘጋጀው፣ አፍንጫ ሰርስሮ የሚገባ ሰናፍጭ ይጠብቀዋል። ዳኛው፣ ፖስተኛውና ቤዝቦል ሊያይ የመጣው ወጣት አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ።

ይህ አቀማመጥ ለዓይን የድሮ ዘመን ጌጥ ይመስላል። ወጪውን ላሰላ ሰው ግን ሌላ ነው። አንዲት ሠራተኛ የአራት ሰው ሥራ ትሠራለች። የጋራ ጠረጴዛ በመሆኑ ባዶ የሚውል ወንበር የለም። የሳህን አጠባ ወጪ የለም። ሥጋው ደንበኛው ፊት ስለሚቆረጥ ስለ ጥራቱ ማስታወቂያ መክፈል አያስፈልግም። የትርፉ ምንጭ ከአንድ ሳንድዊች የሚገኘው ሳይሆን የሰልፉ ፍጥነት ነው። ማርቲኖች በ1927 የገዙት፣ በ1951 ደግሞ ጠቅልለው ይዘው የሄዱት ይህንን ነው። ቤቱ እስከ ዛሬ ድረስ በዘሮቻቸው እጅ መቆየቱም ከዚህ ተለይቶ አይታይም፤ የተወረሰው ድርጅቱ ብቻ ሳይሆን አሠራሩም ጭምር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው የቡናው ዋጋ ነው። ፊሊፕ አንድ ስኒ ቡና እስከ 1977 ድረስ በ5 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በዚያ ዓመት 10 ሳንቲም አደረገው። ከዚያ በኋላ ለ35 ዓመታት አልነካውም። በ2012 በአንድ ጊዜ ወደ 45 ሳንቲም ሲያሳድገው ነገሩ የጋዜጣ ዜና ሆነ።

የኢትዮጵያ ቡና ላኪ እነዚህን ዓመታት ሲሰማ ጆሮው መቆሙ አይቀርም። በ1975 የብራዚልን ቡና ውርጭ መታው፤ በ1977 የኒውዮርክ ገበያ ዋጋ በፓውንድ ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። በ2011ም እንደገና ከ3 ዶላር አለፈ። ፊሊፕ ዋጋ የጨመረባቸው ሁለቱም ዓመታት እነዚህን ጣሪያዎች ተከትለው የመጡ ናቸው። ታዲያ ነገሩ ተራ የወጪ ጉዳይ ነው ለማለት ይቻላል? አይቻልም። በ1997 የቡና ዋጋ እንደገና ከ3 ዶላር በላይ ሲወጣ ፊሊፕ 10 ሳንቲሙን አልነካም። በ2001 ደግሞ ዋጋው ከ50 ሳንቲም በታች ወርዶ የገበሬውን ጓዳ ባዶ ሲያደርግ እንዲሁ 10 ሳንቲም ነበር።

ሒሳቡን በግርድፉ ማየት ይጠቅማል። ከአንድ ፓውንድ ጥሬ ቡና ቆጠብ አድርጎ ለሚያፈላ ቤት 40 ያህል ስኒ ይወጣል ብንል፣ በ2001 ዋጋ ለአንድ ስኒ የሚገባው ቡና 1 ሳንቲም ከምናምን ነው። በ1997 ዋጋ ግን ከ7 ሳንቲም ይበልጣል። ቀሪው 2 ሳንቲም ወተቱን፣ ስኳሩን፣ ጋዙንና የሠራተኛውን ደመወዝ ሊሸፍን አይችልም። ስለዚህ ቡናው በኪሳራ የተሸጠባቸው ዓመታት እንደነበሩ አያጠራጥርም። ኪሳራውን የከፈለው ሳንድዊቹ ነው። ሰው 10 ሳንቲም ቡና አለ ብሎ ይመጣል፣ መጥቶም ሥጋውን ይገዛል፤ ባይገዛ እንኳ ለሌላው ያወራል። ለ35 ዓመት በየጋዜጣው በነጻ የወጣ ማስታወቂያ ቢተመን የቡናውን ጉድለት ደጋግሞ ይሸፍናል።

እዚህ ላይ ግን ፊሊፕን ማወደስ ብቻ አያዋጣም። ዋጋን 35 ዓመት አስሮ በአንድ ጊዜ ከአራት እጥፍ በላይ ማድረግ በመጽሐፍ የሚመከር አይደለም። ደንበኛ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ዋጋ ነው። ሆኖም የአሜሪካ የዋጋ ንረት ሲሰላ በ1977 የነበረው 10 ሳንቲም በ2012 ወደ 38 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። 45 ሳንቲሙ ከዚህ የራቀ አይደለም። የሎስ አንጀለስ ሰው ለጥቂት ቀናት አጉረመረመ፤ ሌላ ቤት ሄዶ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሲጠየቅ ተመልሶ ተሰለፈ። በአንድ ስኒ ቡና ወንበር ይዞ ከሚውል ደንበኛ ጋር ታግሎ የሚያውቅ የካፌ ባለቤት፣ ፊሊፕ ይህን መቋቋም የቻለው በአግዳሚውና በጋራ ጠረጴዛው መሆኑን ለመረዳት አይቸገርም።

ወደ ኮልስ እንመለስ። ቤቱ በ2007 ተዘግቶ ነበር። በከተማዋ በርካታ መጠጥ ቤቶችን የሚያስተዳድር ባለሀብት ተረክቦ፣ አድሶ፣ ልክ በመቶኛ ዓመቱ በ2008 ከፈተው። እድሳቱ በጥንቃቄ የተሠራ እንደነበር ያዩት ሁሉ ይመሰክራሉ። አሮጌው ባንኮ ተጠበቀ፣ ቀዩ መብራት በራ። ይሁን እንጂ ንግዱ ሌላ ሆነ። ሳንድዊቹ ቀረ፤ መረቁ ግን ለብቻው በትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ መቅረብ ጀመረ፤ ገቢው ወደ መጠጡ አዘነበለ። በ2009 ከጓሮ በኩል «ቫርኒሽ» የተባለ የተደበቀ የኮክቴል ቤት ተከፈተና ስም አተረፈ፤ በ2024 ግን ተዘጋ።

የኮልስ ባለቤቶች ለመዝጋት ያቀረቧቸው ምክንያቶች የሚናቁ አይደሉም። ወረርሽኙ፣ በ2023 የሆሊውድ ደራስያንና ተዋንያን ያደረጉት የሥራ ማቆም አድማ፣ በመሐል ከተማ የባሰው ወንጀል፣ የኪራይ፣ የጉልበትና የዕቃ ውድነት ተጠቅሰዋል። በ2025 ሐምሌ የከተማዋ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 17 ዶላር ከ87 ሳንቲም ገባ። ነገር ግን ከእነዚህ አብዛኞቹ ፊሊፕንም አልማሩትም። ወረርሽኙ ለሁለቱም አንድ ነው፤ የደመወዙ ሕግም አንድ ነው። ልዩነቱ ማታ ጓደኛ ይዞ ኮክቴል ሊጠጣ የሚመጣ ሰው ገንዘቡ ሲያጥር፣ ወይም መንገዱ ሲያስፈራው፣ መጀመሪያ የሚተወው እሱን ነው። ማለዳ ቁርስ የለመደ ሰው ግን ቁርሱን በቀላሉ አይተውም።

በ2008 የተገዛው ስሙና አዳራሹ ነበር ማለት ይቻላል። በ1927 የተገዛው ባንኮውና ባንኮው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ሁለቱም በተለምዶ «ጉድዊል» በሚል በአንድ ስም ይጠራሉ።

የቡናው ነገር ግን ገና አላለቀም። በ2025 የካቲት የኒውዮርክ የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በላይኛው ስሌት ለአንድ ስኒ የሚገባው ጥሬ ቡና ብቻ፣ ሳይቆላና ሳይፈላ፣ 10 ሳንቲም ደረሰ ማለት ነው።