ዴ ሮሲን ያባረረው ሮማ አዲሱን አሰልጣኝ ለምን በ53 ቀናት ውስጥ ሸኘው?

ከሮም መሀል ከተማ፣ የአክሱም ሐውልት ለአስርት ዓመታት ተተክሎበት ከነበረው አደባባይ ብዙም ከማይርቀው የፖርታ ሳን ፓዎሎ ጣቢያ የሚነሳ ባቡር አለ። ወደ ደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ዳርቻ ላይ ያቆማል። ቦታው ኦስቲያ ይባላል። በአስተዳደር የሮም ከተማ አካል ነው፤ ለአብዛኛው የከተማዋ ነዋሪ ደግሞ ሙቀቱ ሲበረታ የሚሮጥበት ባሕር ነው።

ለእግር ኳስ ተከታታዮች ግን ኦስቲያ የዳኒዬሌ ዴ ሮሲ አገር ናት።

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1983 የተወለደው ዴ ሮሲ ኳስን የጀመረው በሠፈሩ ክለብ በኦስቲያማሬ ነው። ከዚያም በሮማ የወጣቶች ቡድን አልፎ ለዋናው ቡድን 616 ጊዜ ተሰልፏል። በዚህ ቁጥር የሚበልጠው ፍራንቼስኮ ቶቲ ብቻ ነው። ከጣሊያን ጋር የ2006ቱን የዓለም ዋንጫ አንስቷል። አባቱ አልቤርቶ ዴ ሮሲም የሮማን ወጣቶች ለረጅም ዓመታት ያሠለጠኑ ናቸው። በአጭሩ፣ ቤተሰቡና ክለቡ ተለይተው የሚታዩ አይደሉም።

ሮማ ይህንን ሰው መስከረም 8/2017 ዓ.ም. ከአሰልጣኝነት አሰናበተው። የውድድር ዓመቱ ከተጀመረ ገና አራት የሊግ ጨዋታዎች ብቻ ተደርገው ነበር። በዚያው ቀን ክሮኤሺያዊው ኢቫን ዩሪች ተሾመ። ዩሪችም ኅዳር 1 ተባረረ። በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ጊዜ 53 ቀን ነው።

አዲስ አሰልጣኝ አምጥቶ መክሰር በሮም አልተጀመረም። በኢትዮጵያ እግር ኳስ ወዳዶች ዘንድ የማንቸስተር ዩናይትድ ታሪክ ይበልጥ ቅርብ ይሆናል። በዚያው ኅዳር ወር ሥራ የጀመረው ሩበን አሞሪም ቡድኑን በ42 ነጥብ 15ኛ አድርጎ ዓመቱን ጨርሷል። በቢልባዎ በተደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜም በቶተንሃም ተሸንፏል። የሮማ ታሪክ የሚለየው በአንድ የውድድር ዓመት ሦስት አሰልጣኞች በአንድ ቡድን ላይ ስለተፈራረቁ ነው። ተጫዋቾቹ እነዚያው ናቸው፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራርቋል። ስለዚህ ለማነጻጸር ያመቻል።

ለምን ተባረረ?

ዴ ሮሲ ወደ ሮማ መንበር የመጣው በጥር 7/2016 ዓ.ም. ነበር። የፍሪድኪን ቤተሰብ ጆዜ ሞሪንሆን ባሰናበተበት ቀን ማለት ነው። በወቅቱ ሮማ በ20 ጨዋታዎች 29 ነጥብ ሰብስቦ በዘጠነኛ ደረጃ ላይ ነበር። የአሰልጣኙ የቀድሞ ልምድ ቢታይ በሁለተኛው ዲቪዚዮን በስፓል ያሳለፋቸው ጥቂት ወራት ብቻ ናቸው፤ ከዚያም ተሰናብቶ ነበር። ብዙዎች ሹመቱን የተቆጣ ደጋፊን ማብረጃ አድርገው ተመልክተውት ነበር።

ቡድኑ ግን በቀሩት 18 የሊግ ጨዋታዎች 34 ነጥብ አገኘ። በዩሮፓ ሊግ በሮቤርቶ ዴ ዜርቢ ይመራ የነበረውን ብራይተንን በሜዳው 4 ለ 0 ረታ፤ ኤሲ ሚላንንም በደርሶ መልስ ጥሎ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ዓመቱን ስድስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ክለቡም የአሰልጣኙን ውል እስከ 2027 አራዘመ።

ነሐሴ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ከካልያሪ ጋር ያለ ግብ አቻ፣ በሜዳው በኤምፖሊ 2 ለ 1 ሽንፈት፣ ከዩቬንቱስ ጋር ያለ ግብ አቻ፣ ከዚያም በጄኖዋ ሜዳ በባከነ ሰዓት በተቆጠረ ግብ 1 ለ 1። ከ12 ነጥብ ሦስት ብቻ። አዲሱ አጥቂ አርቴም ዶቭቢክ ገና እየተላመደ ነበር፤ ፓውሎ ዲባላም ወደ ሳዑዲ አረቢያ ሊሄድ ነው ሲባል ሰንብቶ በመጨረሻ ቀርቷል። አንዳንዶቹ ፈራሚዎች ከቡድኑ ጋር የተቀላቀሉት ሊጉ ከተጀመረ በኋላ ነበር።

ሦስት ነጥብ ደካማ ጅምር መሆኑ አያከራክርም። ዴ ሮሲ በተወዳጅነቱ ብቻ ከትችት ሊያመልጥ አይገባም ነበር። ባለቤቶቹ ያቀረቡት ምክንያት ዓመቱ ገና በጅምሩ ላይ እያለ ቡድኑን ወደ ተፈለገው መንገድ ቶሎ መመለስ ያስፈልጋል የሚል ነበር። ይህ አባባል ሚዛን የሚደፋው ግን የሚተካው ሰው ዝግጁ ሲሆንና መንገዱም ሲታወቅ ነው። የውል ማራዘሚያው ቀለም ሳይደርቅ የሚወሰድ እርምጃ የመንገዱ ካርታ በማን እጅ እንደነበር ያጠያይቃል።

ዩሪች የተጣለበት እሳት

ኢቫን ዩሪች የማይታወቅ ሰው አልነበረም። በቬሮና ስሙን ተክሏል፤ ከዚያም ቶሪኖን ሦስት ዓመት መርቶ 10ኛ፣ 10ኛ እና 9ኛ አድርጎታል። በተጫዋችነት ዘመኑ በጄኖዋ በጂያን ፒዬሮ ጋስፔሪኒ ሥር ነበር፤ የሥልጠና ፍልስፍናውም ከዚያ ይቀዳል። በሦስት ተከላካይ መጫወት፣ ሜዳውን ሙሉ ሰው በሰው መያዝ፣ ያለ እረፍት መሮጥ።

እንዲህ ያለው አጨዋወት ሳምንታት የሚፈጅ የአካል ብቃት ዝግጅት ይጠይቃል። ዩሪች ግን የገባው መስከረም ላይ፣ ለሌላ ዓይነት እግር ኳስ በተዘጋጀ ቡድን ውስጥ ነው። በየሦስትና አራት ቀኑ ጨዋታ ነበረበት። ልምምድ የሚሠራበት ቀን አልነበረውም ማለት ይቻላል።

የባሰው ግን ከሜዳው ውጪ ነበር። መስከረም 12 የመጀመሪያ ጨዋታውን ኡዲኔዜን 3 ለ 0 በማሸነፍ ሲጀምር ስታዲየሙ የተቃውሞ መድረክ ሆኖ ነበር። የኩርቫ ሱድ ደጋፊዎች እንደ ሎሬንዞ ፔሌግሪኒ እና ብራያን ክሪስታንቴ ያሉትን ነባር ተጫዋቾች ዴ ሮሲን አሳልፋችሁ ሰጥታችኋል በሚል በፉጨት ተቀበሏቸው። በዚያው ዕለት የክለቡ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ግሪካዊቷ ሊና ሱሉኩ ሥራቸውን ለቀቁ። ዛቻ ስለደረሳቸው የፖሊስ ጥበቃ ተመድቦላቸው እንደነበር የጣሊያን መገናኛ ብዙኃን ዘግበዋል። አንድ የእግር ኳስ ውሳኔ ሰውን ለደኅንነቱ እስኪሰጋ ድረስ ሲያደርሰው፣ ስለ ክለብ ፍቅር ማውራት ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። በስዊድኑ ኤልፍስቦርግ ሽንፈት፣ በኢንተር ሽንፈት። ጥቅምት 17 በፍሎረንስ 5 ለ 1። በዚያ ምሽት ዩሪች እስከዚያ ቀን ወደ ጎን ትቶት የነበረውን ጀርመናዊ ተከላካይ ማትስ ሁመልስን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይሮ አስገባው፤ የዓለም ዋንጫ ባለቤቱም በገዛ መረቡ ላይ ግብ አስቆጠረ። ቬሮና 3 ለ 2፣ ቦሎኛ ደግሞ በኦሊምፒኮ 3 ለ 2 ሲያሸንፉ ነገሩ አበቃ።

ዩሪች በሁሉም ውድድሮች 12 ጨዋታ አድርጎ አራት አሸነፈ፣ ሦስት አቻ ወጣ፣ በአምስት ተሸነፈ። ሮማም ከ12 የሊግ ጨዋታዎች በኋላ በ13 ነጥብ 12ኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

ያው ሰው በእንግሊዝ

ታሪኩ እዚህ ላይ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ይሻገራል። ታኅሣሥ 12/2017 ዓ.ም. ሳውዝሃምፕተን ራስል ማርቲንን ያሰናበተበትን ቦታ ለዩሪች ሰጠ። ክለቡ በሰንጠረዡ ግርጌ ነበር። በእሱ ሥር በተደረጉት 14 የሊግ ጨዋታዎች ሳውዝሃምፕተን አንዱን ብቻ አሸነፈ፤ ኢፕስዊችን። አንድ አቻ ወጣ፤ በ12ቱ ተሸነፈ።

መጋቢት 28 በቶተንሃም 3 ለ 1 ሲረታ ሰባት ጨዋታ እየቀረው መውረዱ ተረጋገጠ። በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ ከዚያ ቀድሞ የወረደ ቡድን የለም። ዩሪችም በማግሥቱ ተለያየ። ክለቡ ዓመቱን በ12 ነጥብ ፈጸመ፤ ደርቢ ካውንቲ በ2007/08 ካስመዘገበው 11 ነጥብ በአንድ ብቻ በልጦ።

ሁለቱ ክለቦች አንድ አይደሉም። ሳውዝሃምፕተን የፕሪሚየር ሊግ አቅም ያልነበረው ቡድን ነው፤ ማንም ቢመጣ ሊያተርፈው ይችል ነበር ብሎ መናገር ያዳግታል። ሮማ ግን የጎደለው አቅም አልነበረም። ይህንን የምናውቀው ከዩሪች ቀጥሎ በሆነው ነገር ነው።

የ73 ዓመቱ አዛውንት

ክላውዲዮ ራኒዬሪ ካልያሪን ከመውረድ አድነው ጡረታ ወጥተው ነበር። በ2016 ሌስተርን የእንግሊዝ ሻምፒዮን ያደረጉት እኚህ ሰው የሮም ልጅ ናቸው፤ አባታቸው በቴስታቾ ሠፈር ሥጋ ቤት ነበራቸው። በ73 ዓመታቸው፣ ኅዳር 5፣ ለሦስተኛ ጊዜ የሮማ አሰልጣኝ ሆኑ።

ወዲያው ተአምር አልሠሩም። በናፖሊ ተሸነፉ፤ በአታላንታ ተሸነፉ፤ ታኅሣሥ 6 ላይም በኮሞ 2 ለ 0 ተረቱ። ከዚያ በኋላ ግን ሮማ እስከ ግንቦት 4 ድረስ በ19 የሊግ ጨዋታዎች አልተሸነፈም።

ምን ለወጡ? ለተመልካች የሚታየው ቀላል ነገር ነው። ተገፍቶ የነበረውን ሁመልስን መለሱት፤ አማካዩን ሌአንድሮ ፓሬዴስንም እንዲሁ። እንደ ዩሪች በሦስት ተከላካይ መጫወቱን ይዘው ቀጠሉ፤ ነገር ግን ሰው በሰው የማሳደዱን ሩጫ ተዉት። ቡድኑ ወደ ኋላ ተሰብስቦ፣ ርቀቱን ጠብቆ መከላከል ጀመረ። ታኅሣሥ 27 በከተማው ደርቢ ላትሲዮን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ የመጀመሪያዋን ግብ ያስቆጠረው ያ የተፎጨበት ፔሌግሪኒ ነበር። ወጣቱ አርጀንቲናዊ ማቲያስ ሱሌም በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ አበበ።

ከስልቱ ይልቅ ክብደት ያለው ግን ሌላ ይመስለኛል። ራኒዬሪን የሚያፏጭባቸው አልነበረም። ተጫዋቾቹ በገዛ ስታዲየማቸው ዳግም መተንፈስ ቻሉ። ዩሪች ይህንን አንድም ቀን አላገኘም፤ የተቀመጠበት ወንበር የሌላ ሰው እንደሆነ 60 ሺህ ሰው በየሳምንቱ ሲነግረው ነበር።

ቁጥሩን እንየው። ዴ ሮሲ እና ዩሪች በ12 ጨዋታ 13 ነጥብ። ራኒዬሪ በ26 ጨዋታ 56 ነጥብ። ሮማ በ69 ነጥብ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። አራተኛው ዩቬንቱስ 70 ነበረው። የሻምፒዮንስ ሊግ ተሳትፎና ከእሱ ጋር የሚመጣው ብዙ አስር ሚሊዮን ዩሮ በአንድ ነጥብ አመለጠ። ያ አንድ ነጥብ ከኤልፍስቦርጉ ምሽት ላይ ሊለቀም አይችልም፤ ከቬሮና፣ ከቦሎኛ ወይም ከነሐሴው ኤምፖሊ ግን ይችል ነበር።

ባለቤቶቹ ተምረው ይሆን?

የፍሪድኪን ቤተሰብ በዚያው ታኅሣሥ ወር የኤቨርተንን ግዥ አጠናቀቀ። ጥር ላይ ሾን ዳይችን አሰናብቶ ዴቪድ ሞዬስን መለሰ፤ ቀድሞ ክለቡን ለ11 ዓመታት የመራውን ሰው። ኤቨርተን ከወራጅ ቀጣናው አፋፍ ተነስቶ በ48 ነጥብ 13ኛ ሆነ። በሮም ራኒዬሪ፣ በሊቨርፑል ከተማ ሞዬስ፤ አንድ ባለቤት በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደ ቀድሞ ሰው ተመልሷል። ደጋፊ የሚያምነው ሰው በቀውስ ጊዜ የስልት ያህል ዋጋ እንዳለው በውድ ዋጋ ሳይረዱት አልቀሩም።

በክረምቱ ሮማ ጋስፔሪኒን ሾመ፤ የዩሪችን መምህር። ጋስፔሪኒ የለቀቁት አታላንታ ደግሞ ዩሪችን ወሰደ። ደቀ መዝሙሩን ያባረረው ክለብ መምህሩን፣ መምህሩን ያጣው ክለብ ደቀ መዝሙሩን ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ዩሪች ሙሉ የዝግጅት ጊዜ ነበረው። ሆኖም በ11 የሊግ ጨዋታዎች ሁለት ብቻ አሸንፎ፣ በሜዳው በሳሱዎሎ 3 ለ 0 በተረታ ማግሥት፣ ኅዳር 1/2018 ዓ.ም. ተሰናበተ። ሮማ ካባረረው ልክ አንድ ዓመት። ስለዚህ በሮም የደረሰበትን ሁሉ በጊዜ እጥረትና በደጋፊ ቁጣ ብቻ ማሳበብ አይቻልም። በአንጻሩ በዚያው ሳምንት ሮማ ከኢንተር ጋር በእኩል ነጥብ የሊጉ አናት ላይ ነበር።

ዴ ሮሲስ? ከሮማ በተሰናበተ በወራት ውስጥ የልጅነት ክለቡን ኦስቲያማሬን ገዛ። ክለቡ በወቅቱ በአራተኛው እርከን በሴሪ ዲ የሚጫወት፣ በኦስቲያው አንኮ ማርዚዮ ሜዳ ተጋጣሚዎቹን የሚያስተናግድ ትንሽ ቡድን ነበር። አሰልጣኞችን የሚቀጥርና የሚያሰናብት ባለቤት ሆነ ማለት ነው፤ ይህ ግጥምጥሞሽ እሱንም ፈገግ ሳያሰኘው አይቀርም።

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጄኖዋ ፓትሪክ ቪዬራን ያሰናበተበትን ወንበር ሰጠው። የመጀመሪያ ጨዋታው ከፊዮረንቲና ጋር 2 ለ 2 ተጠናቀቀ። ቡድኑ ከታች ነበር፤ ጊዜውም ኅዳር ነበር፤ ለልምምድ የሚተርፍ ቀን አልነበረም። ዩሪች ሮማን ሲረከብ ከነበረበት ሁኔታ ብዙም አይለይም ነበር።

በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ጄኖዋ ወደ ኦሊምፒኮ ተጓዘ። ዴ ሮሲ በእንግዳው ቡድን መቀመጫ በኩል ገባ። ኩርቫ ሱድ እንዴት እንደተቀበለው መገመት አያዳግትም።