ከ50 ብር ጀርባ ያለው ግንብ

ሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ የፋሲልን ግንብ በምስል የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በአሮጌው 50 ብር ጀርባ ስንት ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። የታሪክ መጽሐፍ ላይ አለ፤ የሬስቶራንት ግድግዳ ላይም አይጠፋም። በእግሩ ገብቶ ያየው ግን ስንቱ ነው?

ሰው መሄድ ጠልቶ አይደለም። ለኢትዮጵያዊ የመግቢያው ክፍያ የሚያሳስብ አይደለም፤ የሚያሳስበው መንገዱ ነው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ጎንደር ሌላ 700 ኪሎ ሜትር ይጠብቃል። ደርሶ መልሱ ሲደመር ወደ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት አለ። የአውሮፕላን ቲኬት ደግሞ ለአንድ መምህር፣ ያውም ሚስትና ልጆች ላሉት፣ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ የትምህርት ቤት ጉዞ ሲታሰብ ወንዶ ገነት፣ ቢበዛ አርባ ምንጭ ይሆናል። ደግ ቦታዎች ናቸው፤ ግን ሌላ ነገር ናቸው።

ከመንገዱ ሌላ ብዙ የማይወራ ምክንያትም አለ። «የነገሥታት ቤት ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ወጣት በከተማው ጥቂት አይደለም። ይህን ሰምቶ መቆጣት ቀላል ነው፤ ደግሞም ስህተት ነው። የነገሥታት ታሪክ ለደቡብ ልጅ ሲነገር የኖረው ከአንድ ወገን ነው። ቅሬታው ከሜዳ አልበቀለም። ነገር ግን ግንቡን ለነገሥታቱ ብቻ ትቶ መራቅ ያው የአንድ ወገን ትረካ እንዲቀጥል መፍቀድ ነው።

ንጉሥ ድንጋይ አይጠርብም። አፄ ፋሲል ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ቆረቆሩ ይባላል፤ የጠረቡት፣ የገነቡትና በሩን የገጠሙት ግን ሌሎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞች፣ አናጢዎችና ቀጥቃጮች ይገኙበታል። የኖራው ጥበብ ከፋሲል አባት ከሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ ከህንድ በመጣ ባለሙያ በኩል የገባ ነው። «ፖርቹጋሎች ሠሩት» የሚለው ተረት ግን እስከ ዛሬ በአንዳንድ ጎብኚ አፍ ይሰማል። ፋሲል እኮ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያባረረ ንጉሥ ነው፤ ግንቡም የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። በእንፍራዝ አቅራቢያ ያለው የጉዛራ ግንብ ደግሞ የሠርፀ ድንግል ነው፤ እሳቸው የሞቱት ፔድሮ ፓኤዝ አገር ውስጥ ሳይገባ ነው። የውጭ እጅ የለበትም ማለት አይደለም፤ የህንድም የፖርቹጋልም አሻራ አለ። ባለቤትነቱን ጠቅልሎ ለባዕድ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

ደስ የማይለውንም መስማት ያስፈልጋል። ፋሲልን በተካው በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ ጎንደር ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። እጃቸው የተፈለገ ሰዎች ጉርብትናቸው አልተፈለገም። አስጎብኚ ይህን ሲናገር መስማት እንዴት ያለ ነገር በሆነ! «መናቅ» ምን እንደሆነ የሚያውቅ የሐዋሳ ወጣት ያኔ ግንቡን በሌላ ዓይን ያየዋል።

አሁን ያለው ጉብኝት ግን ብዙውን ጊዜ ሩጫ ነው። 70 ሺህ ካሬ ሜትር የሚሆነው ግቢ በሠላሳ ደቂቃ ይታለፋል፤ ከፋሲል ግንብ ፊት ሰልፊ፣ ከአንበሳው ቤት ፊት ሰልፊ፣ አለቀ። ረጋ ያለ ሰው ግድግዳውን ያያል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሲሚንቶ ጠገኑት፤ ሲሚንቶና የድሮው ኖራ ስለማይስማሙ የኋላ ጠጋኞች ወደ ኖራው መመለስ ነበረባቸው። የቀዳማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጣሪያ የለውም፤ መጀመሪያ የምድር መንቀጥቀጥ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያንን ለማስወጣት የጣለው የእንግሊዝ ቦምብ ጎድቶታል። ይህ ሁሉ የሚታይ ነገር ነው፤ የሚያሳይ ሰው ከተገኘ።

ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ውጭ ቱሪስት ያልተወራ ዓመት የለም። የውጭው ቱሪስት ግን ተኩስ ሲሰማ ይቀራል፤ ቅርሱን ዘወትር የሚጠብቀው የአገሩ ሰው ነው። እሱን የሚያጓጉዝ የተማሪ ዋጋ የአውሮፕላን ቲኬት ያስፈልጋል። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሐዋሳውና የጎንደሩ፣ ተማሪ ቢለዋወጡ ማደሪያው ዶርም ነው፤ የሆቴል ወጪ የለም። መመለሻውም ባዶ መሆን የለበትም፤ የጎንደር ልጅም ፍቼ ጨምበላላን ጉዱማሌ ላይ ተገኝቶ አላየም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ለሚነሳ ሰው አንድ ነገር። ጥር 11 የፋሲል መዋኛ በውሃ ተሞልቶ ያምራል፤ አልጋም በዚያ ሰሞን ይወደዳል። የግንቡን ድንጋይ ለማየት የሚሄድ መምህር ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ቢሄድ ይሻለዋል። ያኔ ገንዳው ባዶ ነው፤ ግድግዳውን አቅፈው የወረዱት የዛፍ ሥሮች ግን እዚያው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቁስቋም ይቀሩታል፤ ሁለት ቀን ይያዝ።