የማሳው ማስታወሻ ከአጀንዳ ይውጣ

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአሰላ ዙሪያ ባሉ የአርሲ ደጋ ወረዳዎች በሰብል ጥበቃ ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ዛሬ የግብርና ጽሕፈት ቤቶቻችንን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ የልማት ሠራተኞች የማሳ ማስታወሻቸውን በጥራዝ ደብተርና በአጀንዳ መያዛቸው ቀርቶ በሉክ ወረቀትና ባለ ቀለበት ክላሰር ይሁን። ጉዳዩ ተራ የጽሕፈት መሣሪያ ግዢ የሚመስለው ሰው ካለ የስንዴያችንን ታሪክ ላስታውሰው።

ኩብሳ የሚባለው የዳቦ ስንዴ ለዓመታት የአርሲንና የባሌን ደጋ ሞልቶት ነበር። በ2002/03 የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ ገባና ኩብሳንም ገላማንም መታቸው። ገበሬው ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለው ዲገሉ ዞረ። ብዙም ሳይቆይ በ2006 ዓ.ም. ዲገሉን ደግሞ የግንድ ዋግ ጣለው። አንዱን ጠላት ያመለጠው ዝርያ በሌላው ወደቀ። ከሩቅ ሲታይ ደህና የሚመስለው ማሳ ገብተው ዛላውን ሲያሹት ፍሬው ቀጭጮ እጅ ላይ ገለባ ብቻ ይቀር ነበር።

ይህ ሁሉ በየቀበሌው ተጽፏል። የልማት ሠራተኛው ሐምሌ ላይ ማን ምን እንደዘራ፣ መስከረም ላይ ቅጠሉ ላይ ቢጫው መስመር የት እንደታየ፣ ጥቅምት ላይ ማን መድኃኒት እንደረጨ ይጽፋል። ግን የሚጽፈው ቀኑን ተከትሎ ስለሆነ በዋጉና በርጭቱ መካከል የማዳበሪያ ዕዳ፣ የበግ ክትባት፣ የእርከን ሥራ፣ የወረዳው ስብሰባ ይገባል። ከሦስት ዓመት በኋላ የአንድን ማሳ ታሪክ የሚፈልግ ሰው ሦስት አጀንዳ ገጽ በገጽ ማገላበጥ አለበት፤ ያውም ሠራተኛው ሲዛወር ይዞት ካልሄደ።

ዋግ የሚጠይቀን ጥያቄ ቀኑን ብቻ አይደለም። የትኛው ዝርያ፣ በምን ከፍታ፣ በስንተኛው ሳምንት፣ ከምን ዓይነት ዝናብ በኋላ ነው የሚለው። ቢጫ ዋግ ቅዝቃዜ ይወድዳል፤ የግንድ ዋግ ሞቅ ያለ አየር ይሻል። ስለዚህ የበቆጂ ማስታወሻ ከኢተያ ማስታወሻ ጎን መቀመጥ መቻል አለበት። በሉክ ላይ ከተጻፈ ይቻላል፦ የኩብሳን ወረቀቶች ከየዓመቱ ታወጣለህ፣ ታሰልፋለህ፣ ታነብባለህ፣ ወደ ቦታቸው ትመልሳለህ። ግንቦት ላይ ዘር ሲመረጥ ለገበሬው የምትነግረው ከዚያ ይገኛል።

አያያዙም ቀላል ነው። አንድ ወረቀት አንድ ጉዳይ ብቻ፤ አንድ ማሳ ወይም አንድ ዝርያ። አናቱ ላይ ቀበሌው፣ ቦታው፣ ሰብሉና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፋል፤ ከታች እያንዳንዱ ምልከታ ቀኑን ይዞ ይወርዳል። ጀርባው ባይጻፍበት እመርጣለሁ፤ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲዘረጉ ሁሉም እንዲታይ። ሰብልን ከሰብል ለመለየት ቀለም ቀለም ያለው ደስታ ወረቀት መሐል ይግባ። ተራውን ኤ4 ወረቀት ለሁለት ብትቆርጠው በካፖርት ኪስ የሚገባ ይሆናል፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች በ8 ሴንቲ ሜትር ስለሚራራቁ በዚያው ክላሰር ይገባል። ቀዳዳው እንዳይተረተር ፕላስተር ይለጠፍበት። በእርሳስ ይጻፍ፤ የጭላሎ ጭጋግና የነሐሴ ዝናብ የእስክርቢቶ ቀለም ያጥባሉ። ክላሰሩ ቢሮ ይቅር፤ ወደ ማሳ የሚሄደው የዕለቱ ወረቀት ብቻ ነው። ወንዝ ሲሻገሩ ቢወድቅ የሚጠፋው የአንድ ቀን ሥራ እንጂ የዓመታት አይደለም። እኔ ከሁሉ የምወድለት ይህን ነው።

በልቅ ወረቀት መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። ለስንዴያችን የዛሬውን ሳይንሳዊ ስም፣ ትሪቲከም አስቲቩም፣ እ.ኤ.አ. በ1753 በመጽሐፉ ያወጣለት ስዊድናዊው ሊኔየስ ነው። ይህ ሰው ከየዓለሙ የሚመጣለት የዕፅዋት መረጃ ቢበዛበት በኋለኛው ዕድሜው በትናንሽ ልቅ ወረቀቶች መጻፍ ጀመረ፤ አዲስ ዕፅ ሲመጣ መሐል ማስገባት ይችል ዘንድ። የቦኑ ሰው ፍሬድሪክ ዞነከን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1886 የወረቀት መብሻውን አስመዘገበ። ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ጥናቶቹን ቁጥር እየሰጠ ያሳትም ነበር፤ ስለ ጭላሎ አውራጃ ገበሬ ዛሬ ብዙ የምናውቀው ስለዚህ ነው። የቁሉምሳ የምርምር ማዕከልም ሥሩ እዚያው ዘመን ውስጥ ነው። ተመራማሪው ማሳውን በመደብ በመደብ መዝግቦ ይይዛል። ከአጥሩ ውጭ ያለው የገበሬው ማሳ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም፤ ዋጉ ደግሞ በነፋስ የሚመጣ ነውና አጥር አያውቅም።

የሚቃወሙኝ ባልደረቦቼ ልቅ ወረቀት ይጠፋል፣ ይቀየራል ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ገንዘብ፣ የማዳበሪያ ብድርና የመሬት ይዞታ ገጹ በተቆጠረ ጥራዝ መዝገብ ይቆዩ። አባቶቻችን የርስት ስጦታን በወርቅ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ያስጻፉት እንዳይነቀልና እንዳይካድ ነው። ክርክር የሚነሣበት ነገር ጥራዝ ይፈልጋል። የማሳ ምልከታ ግን ከሌላ ምልከታ ጋር ካልተገናኘ ፋይዳ የለውም።

ወጣቶቹ ደግሞ ስልክ አለን ይሉኛል። የታመመውን ቅጠል ፎቶ አንስቶ ለባለሙያ በዚያው ሰዓት መላክ ትልቅ ነገር ነው፤ በእኛ ጊዜ ቅጠሉን ጋዜጣ ውስጥ አድርገን መኪና እንጠብቅ ነበር። ሆኖም ስልኩ የሠራተኛው የግል ንብረት ነው። ሲሰበር ወይም ባለቤቱ ሲዛወር ቀበሌው ባዶ እጁን ይቀራል፤ አጀንዳውም የሚያመጣው ችግር ይኸው ነው።

ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይኸ ነው። ማስታወሻው የማሳው ነው፤ የጻፈው ሰው ደመወዝ የተከፈለው ለዚያ ቀበሌ ነው። በአርሲ ደጋ የልማት ሠራተኛ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አዲሱ ልጅ ሲደርስ ኦቦዎቹን አንድ በአንድ ከመጠየቅ ይጀምራል። እነሱም ታክቷቸዋል፤ ለቀድሞው ነግረውታልና። ሣጉሬ አካባቢ አንድ አዛውንት ገበሬ የማሳቸውን ታሪክ ለሁለት ተከታታይ ሠራተኞች ከነገሩ በኋላ ሦስተኛውን ሂድና ጓደኞችህን ጠይቅ ብለው ሲመልሱት ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው።

ሠራተኛ ሲዛወር ርክክብ አለ። ወንበሩ፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ፣ የመርጫ መሣሪያው ተቆጥሮ ይፈረምበታል። ወረዳዎቻችን ለእያንዳንዱ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ጥቂት ክላሰርና አንድ የወረቀት መብሻ ከሰኔ በፊት ይግዙ፤ በርክክብ ቅጹም ላይ ከመርጫ መሣሪያው በታች አንድ መስመር ይጨምሩ፦ የማሳ ማስታወሻ ክላሰር፣ ብዛት፣ የገጽ ቁጥር፣ አስረካቢ፣ ተረካቢ።