አዲስ ፋይል ስትልኩ ስማችሁንም ትልካላችሁ

ከመካከላችሁ ኮድ መጻፍ የምትማሩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ብዙ ሰዎች በጋራ ለሚሠሩት ሶፍትዌር፣ ማለትም ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክት፣ አዲስ ፋይል ስለ መስጠት ነው። ምሳሌዬ ሊኑክስ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ይህ ሥራ ዛሬ በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ሁሉ አለ።

የቆየ ፋይል ማረምና አዲስ ፋይል መጨመር አንድ አይደሉም። የቆየው ፋይል ደንቡ አስቀድሞ ተወስኗል። አዲሱ ግን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። የማን ነው? ማን ሊጠቀምበት ይችላል? ነገ ቢበላሽ ማን ያየዋል?

ሰው ሁሉ ምግብ ይዞ የሚመጣበትን ግብዣ አስቡ። ምስር ወጡ ቅቤ አለው ወይስ የለውም? በዓይን አይታወቅም። ክዳኑ ላይ «የጾም» ተብሎ ከተጻፈ ግን የሚጾም ሰው ሳይቀምስ ያውቃል። በሊኑክስም አዲስ ፋይል ከላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው መስመር፣ የፈቃዱን ስም ይጽፋል። ፈቃድ ማለት ላይሰንስ ነው። ይህ አጭር ምልክት ኤስፒዲኤክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ምንም የፈቃድ ጽሑፍ ባልነበራቸው በሺዎች በሚቆጠሩ ፋይሎች ላይ ተጨምሯል።

ኮድ ኢንተርኔት ላይ ስለታየ ብቻ የሁሉም አይሆንም። ፈቃድ ካልተጻፈበት የቅጂ መብቱ የባለቤቱ ነው። ከሌላ ቦታ ቀድታችሁ ብትልኩ የሰው ንብረት በስማችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ፊርማ ነው። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከእያንዳንዱ ለውጥ በታች ስምና ኢሜይል ያለበት የፊርማ መስመር ይጠይቃል። ትርጉሙ «እኔ ጎበዝ ነኝ» አይደለም። «ይህን ሥራ በዚህ ፈቃድ ለመስጠት መብት አለኝ» ማለት ነው።

ሥራ የያዛችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ብዙ የቅጥር ውሎች ሠራተኛው የሚጽፈው ኮድ የድርጅቱ ነው ይላሉ። አንዳንዶቹ ማታ ቤት የተጻፈውንም ይጨምራሉ። እኔ የመጀመሪያ ፋይሌን ከመላኬ በፊት አለቃዬን በጽሑፍ ፈቃድ ጠየቅሁ። መልሱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ኮዱ በሁለት ቀን ነበር ያለቀው! ቢሆንም መጠበቁ ይሻላል። አንዴ በስማችሁ የገባ ኮድ በሺዎች ኮምፒውተሮች ላይ ይቀዳል፤ ተመልሶ አይሰበሰብም።

ሦስተኛው ቀላል ይመስላል። የአዲሱ ፋይል ስም «ሜክፋይል» በሚባለው መመሪያ ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ ኮዱ ከፕሮግራሙ ጋር አይገነባም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ፋይሉን ማን እንደሚከታተልም በጠባቂዎች ዝርዝር ውስጥ መታወቅ አለበት። ድስቱን ግብዣው ላይ ትቶ የሚሄድ ሰው ለሌላው የሚታጠብ ዕቃ ጥሎ ነው የሚሄደው።

በዚህ ሳምንት የምትወዱትን አንድ የጋራ ፕሮጀክት ምረጡ። ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ፈቃዱንና የአስተዋጽኦ መመሪያውን አንብቡ። ሃያ ደቂቃ ቢወስድባችሁ ነው። ከዚያ በኋላ ስማችሁን ስትጽፉ ምን እንደምትፈርሙ ታውቃላችሁ።