«ቀይ ነው፤ ያው ነው» የሚለው መልስ ስንት ካምቢዮ ፈጀ?

በየጋራዡ ደጃፍ በየቀኑ የሚሰማ አጭር ምልልስ አለ።

«የካምቢዮ ዘይት ጎድሎበታል።»

«የቱን ልግዛለት?»

«ቀዩን በላቸው። ቀይ ከሆነ ያው ነው።»

ባለመኪናው ሱቅ ሄዶ ቀዩን ይጠይቃል። ባለሱቁ ሁለት ሦስት ጠርሙስ ያወጣል። ባለመኪናው ርካሹን ይዞ ይመለሳል፤ ዘይቱ ይሞላል፤ መኪናው ይነሳል። የመኪናውን ሞዴልና የተመረተበትን ዓመት የጠየቀ የለም። የጠርሙሱን ጀርባ ያነበበም የለም።

ጥቂት ወራት ያልፋሉ። መኪናው ጠዋት ዲ ላይ ሲገባ ትንሽ ይዘገይና ድንገት ይመታል። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲሻገር ይነጥራል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፤ መኪናው ግን ጩኸቱን ያህል አይሄድም። ያኔ ፍርዱ የታወቀ ነው፤ «ካምቢዮው አርጅቷል፤ ሌላ ፈልግ።»

አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በእርጅና የሞተ ካምቢዮና የማይስማማውን ዘይት እየጠጣ የሞተ ካምቢዮ ሲከፈቱ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የዕድሜ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ግን አንድ ጥያቄ ባለመጠየቁ የመጣ ኪሳራ ነው።

ይህ ጉዳይ ከአሥር ዓመት በፊት የመካኒኮች ወሬ ብቻ ሊሆን ይችል ነበር። ዛሬ ግን የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የመለዋወጫ ዋጋም ተከትሎት ወጣ።

እነዚህ ውሳኔዎች ትክክል ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። «ይኼ ሲያስቸግር ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» የሚለው መንገድ ጠቧል። አሁን በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ መንገድ ላይ ያለው የሃያ ዓመት ኮሮላ ወይም ቪትዝ ለባለቤቱ ምትክ የሌለው ሀብት ነው። መኪናውን ራይድ ለሚሠራበት ሰው ደግሞ ካምቢዮ ማለት የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ካምቢዮው ጋራዥ ተኝቶ በሚከርምባቸው ሳምንታት ገቢው ይቆማል፤ ወጪው ግን አይቆምም።

ለምንድን ነው ታዲያ አንድ ዘይት ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣው?

በማኑዋል መኪና የካምቢዮ ዘይት ዋና ሥራው ጥርሶቹን ማለስለስ ነው። በአውቶማቲክ ግን ዘይቱ የማሽኑ አካል ነው። የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው እሱ ነው። በግፊት ውስጥ ያሉትን የፍሪሲዮን ሸራዎች ጨምቆ ማርሽ የሚያስይዘው እሱ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር የሚወስደውም እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሥራው ደግሞ ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ማሟላቱ ነው። ለጥርሶቹና ለኩሽኔታዎቹ ማንሸራተት አለበት፤ ለፍሪሲዮን ሸራዎቹ ደግሞ መጠኑን የጠበቀ መያዝ ሊኖረው ይገባል። ከመጠን በላይ ካንሸራተተ ሸራው ሳይዝ ይፋተጋል፤ ይቃጠላል። ከመጠን በላይ ከያዘ ማርሹ ሲገባ ይመታል። ያንን ሚዛን የሚወስነው በዘይቱ ውስጥ ያለው ቅመም ነው። አምራቾች ካምቢዮውንና ዘይቱን አብረው የሚቀርጹትም ለዚህ ነው።

ቅመሙ ትንሽ ሲዛነፍ ምን እንደሚከተል የአሜሪካ ታሪክ ያሳያል። ጄኔራል ሞተርስ ዴክስሮን የተባለውን ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲያወጣ፣ በዘመኑ የካምቢዮ ዘይቶች ውስጥ ከስፐርም አሳነባሪ የሚገኝ ዘይት ይጨመር ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሳነባሪ ዘይት በሕግ ሲከለከል ምትክ ቅመም ተፈለገ። የመጀመሪያው ምትክ ግን የማቀዝቀዣውን ብረት የሚበላ ሆኖ ተገኘ፤ ብዙ ካምቢዮዎች ተበላሹ፤ ቀመሩም እንደገና ተሻሻለ። ያን ዘይት የሠሩት ሰዎች ሙያተኞች ነበሩ፤ ቤተ ሙከራም ነበራቸው። እነሱ እንኳ አንድ ቅመም ቀይረው ይህን ያህል ከተቸገሩ፣ በቀለም ብቻ የሚመርጥ ሰው ምን ዋስትና አለው?

ስለ ቀለሙም እውነቱ ቀላል ነው። ቀዩ የተጨመረ ማቅለሚያ ነው። ጥቅሙም መኪናው ሥር የሚንጠባጠበው የካምቢዮ ይሁን የሞተር ዘይት ለመለየት ነው። ስለ ዘይቱ ደረጃ ምንም አይናገርም። ዴክስሮን ቀይ ነው፤ የቶዮታ ቲ-ፎርም ቀይ ነው፤ ደብሊው ኤስም ቀይ ነው። ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም።

በሀገሪቱ በብዛት የሚታየውን ቶዮታ ምሳሌ ማድረግ ይቻላል። በጥቅሉ ሲታይ እስከ 1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ የቶዮታ አውቶማቲኮች ዴክስሮን 2 ወይም 3 ይጠይቃሉ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ባሉት ላይ ቲ-ፎር በዛ። ከዚያ ወዲህ ደብሊው ኤስ መጣ። ደብሊው ኤስ ከቲ-ፎር የቀጠነ ነው፤ ነዳጅ እንዲቆጥብ ለተሠሩ ካምቢዮዎች የተቀመመ ነው። «አዲስ ስለሆነ ይሻላል» ብሎ ለቲ-ፎር ካምቢዮ ደብሊው ኤስ መስጠት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ሽግግሩም በአንድ ቀን አልተደረገም። አንዱ ሞዴል ቀድሞ ተሻግሯል፤ ሌላው ዘግይቷል። ስለዚህ ዓመቱን ብቻ አይቶ መገመትም አያዋጣም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ያለው ሲቪቲ ላይ ነው። አንድ ስም ያለው ቪትዝ እንደ ዘመኑና እንደ ሞተሩ በተለመደው አውቶማቲክ ወይም በሲቪቲ ሊመጣ ይችላል። ሲቪቲ እንደ ሌላው ማርሽ የለውም፤ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መካከል እየተጠመጠመ የሚሠራ ነው። ዘይቱ ብረት ብረትን አጥብቆ እንዲይዝ ተደርጎ የተቀመመ የራሱ ዘይት ነው። እዚያ ውስጥ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት የጨመረ ሰው ቀበቶውንና ፑሊውን እንዲፋተጉ ፈርዶባቸዋል።

መልሱ የት ይገኛል? ብዙ ጊዜ መኪናው ራሱ ላይ። የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ ባላቸው ብዙ ቶዮታዎች የዘይቱ ዓይነት እዘንጉ ላይ ተቀርጿል። በጨርቅ ጠርጎ ማንበብ ብቻ ነው። ካልሆነ ከመኪናው ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ላይ አለ። መጽሐፉ ከጠፋ በሻንሲ ቁጥሩና በካምቢዮው ኮድ ማጣራት ይቻላል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አይወስድም።

እዚህ ላይ ለመካኒኩም ፍትሕ ያስፈልጋል። ትንሽ ጋራዥ አሥር ዓይነት ዘይት ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማሳደር አይችልም። ደንበኛውም «ለምን ተወደደ?» ብሎ ይጨቃጨቃል እንጂ «የትኛው ደረጃ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። በዚያ ላይ «ለሁሉም መኪና» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ጠርሙሶች ገበያውን ሞልተውታል። ከእነዚህ ውስጥ ታማኝ አምራች ሞክሮ የሚያወጣቸው አሉ፤ የሚያሟሉትን ደረጃ በስም ዘርዝረው ይጽፋሉ፤ ዝርዝሩ ውስጥ የመኪናው ደረጃ ካለ መጠቀም ነውር የለውም። ደረጃ ሳይጠቅስ «ለሁሉም» የሚል ጠርሙስ ግን ለማንም ኃላፊነት አልወሰደም።

ሌላው የጦፈ ክርክር «ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ይነካ ወይስ አይነካ?» የሚለው ነው። «አትንካው፤ ከነካኸው ይሞታል» የሚሉ ልምድ ያላቸው መካኒኮች አሉ። ያዩትን ነው የሚናገሩት። ያላዩት ግን ብዙዎቹ ባለመኪኖች ዘይት ለመቀየር የሚመጡት ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ መሆኑን ነው። ሸራው ካለቀ አዲስ ዘይት አይተካውም። ሞቱ ግን አዲሱ ዘይት ላይ ይሳበባል። ስለዚህ ጤናማ እያለ መቀየር፣ ያውም ቀስ በቀስ፣ የተሻለው መንገድ ነው። ከታች ሲፈታ የሚወጣው ዘይት በትንንሽ ቶዮታዎች ላይ 3 ሊትር አካባቢ ነው፤ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ውስጥ ይቀራል። ያንኑ ልክ በትክክለኛው ዘይት ተክቶ፣ የተወሰነ ኪሎ ሜትር ነድቶ መድገም ይቻላል። በማሽን ግፊት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማጠብ ግን ለተዘነጋ አሮጌ ካምቢዮ ቁማር ነው።

ባለመኪናው በገዛ ዓይኑ ሊያየው የሚችለውም ነገር አለ። በብዙ ቶዮታዎች መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ በሁሉም ላይ አልፎ ፒ ላይ ከተመለሰ በኋላ ዘንጉ ይመዘዛል። በሆንዳ ደግሞ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጠፍቶ ወዲያው ነው የሚለካው። ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ ማድረግ ነው። ጥርት ያለ ቀይ ከሆነ መልካም። ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው ሸራው ተጎድቷል። ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ይህ የመጨረሻው በከተማው እንግዳ አይደለም፤ የካምቢዮው ማቀዝቀዣ በብዙ መኪኖች ራዲያተሩ ውስጥ ነው ያለው፤ በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፋንታ ዓመቱን ሙሉ የቧንቧ ውሃ የሚጠጣ ራዲያተር ደግሞ ውስጡን ዝገት ይበላዋል።

አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት እየተቃጠለ አይጎድልም። ጎደለ ማለት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። በየወሩ አንድ ሊትር እየጨመሩ መኖር ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው።

መንግሥትም ከዚህ ነገር ነፃ አይወጣም። አሮጌ መኪና እንዳይተካ የወሰነ አካል አሮጌው በደህና እንዲያረጅ የማገዝ ግዴታ አለበት። ትንሹ ነገር ገበያ ላይ ያለ እያንዳንዱ የካምቢዮ ዘይት የሚያሟላውን ደረጃ ባለመኪናው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛና በሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች፣ በጉልህ እንዲጽፍ ማስገደድ ነው። የሐሰት ጽሑፍ የለጠፈም እንዲጠየቅ ማድረግ ነው። ለዚህ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። የሙያ ማሠልጠኛዎችም ስለ አውቶማቲክና ሲቪቲ የሚሰጡትን ትምህርት መንገድ ላይ ካለው መኪና ጋር ማስተካከል ይጠበቅባቸዋል።

ሕግ እስኪወጣ ግን ካምቢዮው አይጠብቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ በአንድ ሊትር ላይ ጥቂት ብር ለማትረፍ የቤተሰብን መተዳደሪያ መጣል አይገባም። በሚቀጥለው ጊዜ መካኒኩ «ቀዩን በላቸው» ሲል ባለመኪናው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ኮፈኑን ይክፈት፤ ዘንጉን ይምዘዝ፤ ይጥረገው፤ ያንብበው። ሱቅ ሄዶ የሚጠራው ስም እዚያ ላይ የተጻፈው ነው።